ጋሽ ሸዋንዳኝና የራዲዮ ሆድ ዕቃ

ነገ ምን እንደሚወደድ አውቃለሁ የሚል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የአርባ ምንጩ ጋሽ ሸዋንዳኝ ነበሩ፤ ከሰሜን መጥተው ሴቻ ሰፈር የከተሙ ጡረተኛ የግምጃ ቤት ኃላፊ። ጎረቤቶቻቸው በሹክሹክታ “ክቡር ጓድ የነገ ገበያ ሚኒስትር” ይሏቸዋል። የሚንሾካሾኩት ዘመኑ የደርግ ስለነበር እንጂ እሳቸውስ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

ሳሙና ሊጠፋ ነው ብለው ሰፈሩን ሁሉ ሳሙና ባስገዙ በሳምንቱ ቀበሌው ሳሙና በሽበሽ አደረገ፤ የጠፋው ስኳር ሆነ። እሳቸው ግን “አንድ ነገር ይጠፋል አላልኩም?” ብለው ኮራ አሉ።

የዶርዜው ሸማኔ ዳልጮ ይህን ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ጋቢ ሊሸጥ በወረደ ቁጥር እግሩ ወደ እሳቸው በረንዳ ይወስደዋል። አንድ ቅዳሜ ያን የሚኮሩበትን ትልቅ ራዲዮ ጀርባውን ፈትተው አሳዩት። ራዲዮ ቢመጣ ቢሄድ ያለ እነዚህ ትራንዚስተር የሚባሉ ጥቃቅን ዕቃዎች አይናገርም፤ ስለዚህ ራዲዮውን ትቶ ሆድ ዕቃውን የያዘ ሰው ይከብራል አሉት።

“ዛሬን ተዋት ዳልጮ፤ ነገን ያዝ።”

ዳልጮ ያለችውን አንዲት ጊደር ሸጠ። ስትወልድ ልጆቹ ወተት ሊያገኙ ነበር።

በአዲስ አበባ ነጋዴ በኩል አንድ ከረጢት ትራንዚስተር መጣ። ሚስቱ ጌጤ ለዘር እንደምታስቀምጠው እህል ከምድጃው በላይ ሰቀለችው፤ ጢስ የጠገበውን ነቀዝ አይደፍረውም። እስኪወደድም ዓመት ጠበቁ።

ከረጢቱ ሲወርድ ውስጡ ጥላሸት ለብሷል። ዳልጮ ወስዶ ሲያሳየው፣ የሲቀላ ሰፈሩ ራዲዮ ጠጋኝ ዘካሪያስ አንዱን በጨርቅ ጠረገና ጥላሸቱስ ይለቃል አለ። ከዚያ አዲስ የገባ ራዲዮ ከፍቶ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነገር አሳየው። ቺፕ ይሏታል፤ የዚያን ሁሉ ትራንዚስተር ሥራ ብቻዋን ትሠራለች። የዳልጮን ከረጢት የሚፈልግ ሰው አልተገኘም።

ዳልጮ በረንዳው ላይ ዝር ማለት ተወ። ጊደሯ ታንገበግበዋለች፤ ደግሞ በረንዳው ይናፍቀዋል። በዚያ ዘመን ለአቅመ ውትድርና የደረሰ ልጅ ያለው ሁሉ ነገን የሚያነሳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ነገን እንደ ደግ እንግዳ የሚጠብቁት እኚህ ሰውዬ ብቻ ነበሩ፤ ዳልጮ ተናዶም ይወዳቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ ሸዋንዳኝ በዚያ ዕድሜያቸው የዶርዜን ዳገት ወጥተው ደጁ ላይ ቆሙ። በገመድ ጊደር ይዘዋል። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና፣ የቺፕ ነገር እንደማያዛልቅ፣ ከእንግዲህ ገበያው የከብት እንደሆነ አስረዱ። ለሱ ብለው ሳይሆን ነገን አይተው የገዟት ስለሆነች ያርባት፣ ወተቱንም ልጆቹ ይጠጡት አሉ።

“ጋሼ፣ ጊደሯ ከየት ተገኘች?”

“ነገን ያዝ ስልህ ትናንትን ምን አስጠየቀህ?”

በቀጣዩ ቅዳሜ ዳልጮ ጋቢውን ይዞ ወደ በረንዳው ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ራዲዮው የለም፤ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ብቻ አቧራ ሳይነካው ቀርቷል። ጋሽ ሸዋንዳኝ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ወንበር ሳቡለት። ዳልጮ ባዶውን ቦታ አየት አደረገ። ተቀመጠና ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

“እሺ ጋሼ፣” አለ፤ “ነገ ምን ይወደዳል?”