ፎቷቸው ሥራ ያገኘ ኮንትራክተር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ፎቶው ሥራ አግኝቶ ራሱ ሥራ የፈታ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ በስደት የምንኖርባት የሴንት አልባንስ ግንበኛ፣ የራሳቸው ትንሽ ድርጅት ያላቸው ጋሽ ተፈራ።

አንድ ትልቅ ኩባንያ የካውንስሉን፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱን፣ ላይብረሪ ለመሥራት ሲጫረት፣ «ከስደተኞች ትናንሽ ድርጅቶች ጋር እንሠራለን» ለማለት ሄልሜት አስደፍቶ ፎቶ አነሳቸው። ጨረታውንም አሸነፈ። ጋሼ ሥራ ያገኙ መስሏቸው ቸርች ቆመው ምስክርነት ሰጡ፤ እልል ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን ለኩባንያው በደወሉ ቁጥር መልሱ «እንጠራዎታለን» ብቻ ሆነ።

ባለፈው ወር ተጠሩ። መሣሪያቸውን ጭነው በረሩ። ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ ፎቷቸው ያለበትን ትልቅ ሰሌዳ የግንባታው አጥር ላይ መስቀል!

«ታዲያ ሰቀሉት?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ! በውሃ ልክ አስተካክዬ ሰቀልኩት። ስጨርስ ዘበኛው ‹ሳይት ላይ ሥራ የሌለው ሰው አይቆምም› ብሎ አስወጣኝ። ፎቶዬ ግን እስካሁን ሥራ ላይ ነው።»