አምሮት ነው ብዬ

እርጉዝ ሴት አማረኝ ካለች፣ ባል የሆነ ሰው ጫማውን አጥልቆ መውጣት ነው እንጂ ክርክር የለም። ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ። በጾም ጥብስ፣ ወቅቱ ባልሆነ ጊዜ እሸት ሊያምራት ይችላል። ካጣች ደግሞ የሚወለደው ልጅ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። ማን ደፍሮ ይሞክረዋል?

የኔዋን አለሚቱን ያማራት አፈር ነበር። ያልከበደ አምሮት ሰጠኸኝ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ዝናብ ግድግዳችንን ባራሰው ቁጥር ጭቃውን በጥፍሯ ቆርሳ አፏ ውስጥ ጣል ታደርጋለች። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ አንድ ቀን አይተዋት፣

"አንተ፣ ምስጥ ነው እንዴ ያገባኸው?" አሉኝ።

አለሚቱ ቀበል አድርጋ፣ "የኛ ሲያልቅ ወደ እርስዎ ቤት እመጣለሁ" አለቻቸው። ሳቅን። እኔ ባለጋሪ ነኝ፤ በቆቃ መንገድ ጭነት ሳደርስ ቀዩን አፈር መርጬ፣ ጠጠሩን ለቅሜ፣ በፌስታል ይዤላት እገባ ነበር። እሷም ትመርቀኛለች።

ስምንት ወር ሲሆናት የእናቶችንና የሕፃናትን ደም የሚለኩ ልጆች ወደ ሰፈራችን መጡ። አንዷ የአለሚቱን ጣት ወጋ አድርጋ፣ ጠብታዋን ሞባይል በምታክል መሣሪያ ለካች። ቁጥሩን አይታ ወደ አለሚቱ ቀና አለች።

"እህቴ፣ አፈር ያምርሻል?"

አለሚቱ አፍራ አቀረቀረች። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ፣ "ምን ሲደረግ ይጎድልባታል፣ እኔው ነኝ የማመጣላት" አልኩ።

ልጅቷ አልሳቀችም። "ጋሼ፣ ደሟ በጣም አንሷል። አፈር ያሰኛትም እሱ ነው። አፈሩ ደግሞ ለደም የሚሆናትን ከምግቧ እንዳታገኝ ያደርጋታል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።"

ወሰድኳት። የተሰጣትን ክኒን ሆዷን እያገላበጣትም ዋጠችው። እኔም ለማርያም ተሳልኩ። ለካ ደም በሦስት ሳምንት አይሞላም። ስትወልድ የፈሰሳት ብዙ የሚባል አልነበረም፣ ሌላ ሴት ትችለው ነበር አሉኝ። ከጤና ጣቢያው ሴት ልጄን ታቅፌ ወጣሁ፤ የእናቷን አስከሬን በኋላ ሰጡኝ።

እግዜርን አላማረርኩም። ሳላውቅ ነውና ይቅር በለኝ ብዬ እጀምራለሁ፤ ያቺ ፌስታል ትዝ ስትለኝ ጸሎቴ መሃል ላይ ይጠፋብኛል።

ለቅሶው ላይ እትዬ ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ጉልበቴን ያዝ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አጽናኑኝ።

"አይዞህ ልጄ። አንተ እንኳ የሚቆጭህ የለም፤ ያማራትን ሁሉ አብልተሃታል።"

ድንኳን ሙሉ ሰው፣ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ።