የቡቼ ፀጉር ስንት ይመዝናል?

[ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀጉር ቤቱ ደንበኛ የሚጠፋበት ሰዓት። አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሚስማር ላይ የተሰቀሉ ሁለት እርጥብ ፎጣዎች። ባለቤቱ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጭንቅላት ሲያገላብጥ ስለኖረ በውስጡ ያለውንም ያወቀ ይመስለዋል። ፊት ለፊቱ የጣውላ መጋዘን ዘበኛ የሆነው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቡቼ የተባለ ባለ ብዙ ፀጉር ትንሽ ውሻውን ታቅፎ ቆሟል። ቡቼ ጀርባውን ካመመው ሳምንት ሆኖታል። ሲነኩት ይጮኻል፣ ሌባ ቢያይ ግን አይጮህም። የመጋዘኑ ጌታ “እስከ ነገ ካልዳነ አስጥለዋለሁ” ብሏል፤ የዘበኛው ደሞዝ ደግሞ ገና አሥር ቀን ይቀረዋል። አሁን የጦፈው ክርክር ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።]

አስተካካዩ፦ ይከብዳል አልኩህ!

ዘበኛው፦ አይከብድም ጋሼ። ፀጉር እኮ እፍ ሲሉት የሚሄድ ነገር ነው።

አስተካካዩ፦ ለማን ነው ስለ ፀጉር የምታስተምረው? ሃያ ዓመት ከዚህ ወለል ላይ የጠረግኩት ቢከመር ያንተን መጋዘን ይሞላል!

ዘበኛው፦ መሙላቱንስ ጥጥም ይሞላል። ግን ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት...

አስተካካዩ፦ የመጣኸው ገንዘብ ልትበደር ነው። የለኝም። ምክር ግን ሞልቶኛል፤ እሱን በነፃ ውሰድ። ለመሆኑ የእንስሳት ሐኪም በምን ያስከፍላል?

ዘበኛው፦ በገንዘብ።

አስተካካዩ፦ በኪሎ! እስከ አሥር ኪሎ አንድ ብልቃጥ መድኃኒት፣ ከአሥር ካለፈ ሁለት ብልቃጥ። ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ዘበኛው፦ ሐኪሙ ነው የነገረህ?

አስተካካዩ፦ ለእኔ ማን ይነግረኛል? እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያወራል፣ እኔ አገጣጥመዋለሁ። ቡቼ ስንት ኪሎ ነው?

ዘበኛው፦ እንጃ። ሲጮህ ሃያ ይሆናል።

[አስተካካዩ ከጠረጴዛው ስር አቧራ የለበሰ ሚዛን ጎትቶ አወጣ። ዘበኛው መጀመሪያ ቡቼን እንደታቀፈ፣ ቀጥሎ ብቻውን ወጣበት። አስተካካዩ መስታወቱን እፍ ብሎ በማበጠሪያ ጫፍ እንፋሎቱ ላይ ጽፎ ቀነሰ።]

አስተካካዩ፦ አሥር ኪሎ ተኩል! አየህ ጉድህን? ለግማሽ ኪሎ ብለህ ሁለተኛ ብልቃጥ ልትከፍል ነበር።

ዘበኛው፦ ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ...

አስተካካዩ፦ ምሳ በልተሃል?

ዘበኛው፦ ኧረ የለም።

አስተካካዩ፦ እሰይ! አሁን በባዶ ሆድህ ከውሻው ጋር ተመዝነሃል። ቀጥሎ ሂድና ጥግብ እስክትል ብላ፣ ብቻህን ተመዘን። አንተ ስትከብድ ልዩነቱ ያንሳል፤ ልዩነቱ ደግሞ ውሻው ነው። ገባህ?

ዘበኛው፦ [ብዙ አስቦ] እኔ ስበላ ቡቼ ይከሳል።

አስተካካዩ፦ አሁን ሰው ሆንክ!

ዘበኛው፦ ሁለት ቀን ደህና አድርጌ ብበላ ውሻ የለኝም ማለት ነው።

አስተካካዩ፦ ተወው። ሂሳብ ለሁሉም አልተሰጠም።

ዘበኛው፦ ደግሞስ ሐኪሙ እኔን ምን ብሎ ይመዝነኛል? የታመመው ቡቼ ነው። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ...

አስተካካዩ፦ አትንገረኝ፣ አዳምጥ! ክብደቱን ከራሱ ላይ እንቀንሳለን። ፀጉሩን!

[ዘበኛው ቡቼን አየው፤ ከዚያ ወንበሩን፤ ከዚያ አማቹን። ራሱን ነቀነቀ።]

ዘበኛው፦ ይቅር ጋሼ። አይሆንልህም።

አስተካካዩ፦ ምን አልክ?

ዘበኛው፦ የሰው ፀጉርና የቡቼ ፀጉር ለየቅል ነው። ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እንኳን አንተ ማንም አይችለውም። ብትችለውም ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም።

አስተካካዩ፦ እንኳን አንተ?! ንቅንቅ አይልም?! አምጣው! ቁጭ አድርገው ወንበሩ ላይ!

[ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከአገልግሎት የወጣ የድሮ ማሽን አወጣ። ቡቼ ከአንገቱ በታች ነጭ ጨርቅ ተጠቀለለለት፤ ዘበኛው ጆሮውን እያሻሸ ሲያነጋግረው ዝም አለ። አስተካካዩ ጨርቁን ከጭንቅላቱ በኩል ገለጥ አደረገ።]

ዘበኛው፦ ከጀርባው ብትጀምር አይሻልም?

አስተካካዩ፦ ለምንድን ነው ከጀርባው?

ዘበኛው፦ ብዙው ክብደት እዚያ ይመስለኛል።

አስተካካዩ፦ ይኸውልህ፣ አጠገቤ ስትውል አእምሮህ ይሠራል።

[ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። ፀጉሩ በጉማጅ በጉማጅ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንድ መነጽር ያደረጉ ሰውዬ በሩን ገፋ አድርገው ወንበሩ ላይ ያለውን ከኋላ አዩ።]

ሰውዬው፦ ወረፋ አለ?

አስተካካዩ፦ ይግቡ ይግቡ! ከፊትዎ አንድ ብቻ ነው።

[ቡቼ ዞሮ አያቸው። ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ሄዱ።]

ዘበኛው፦ ደንበኛህ ናቸው?

አስተካካዩ፦ ነበሩ። ደህና አድርገህ ያዘው! ቆይ... ይሄ ምንድን ነው? አንተ! እዚህ ጋ መዥገር ተለጥፎ ቁስል አድርጎበታል! እይ፣ መግል ይዟል!

ዘበኛው፦ አዎ፣ እሱ ነው። ዙሪያውን አንድ መዳፍ ያህል ንጹህ አድርገው። እንደዚያ ነው ያለው።

[ማሽኑ ቆመ።]

አስተካካዩ፦ ማን ነው ያለው?

ዘበኛው፦ ሐኪሙ።

አስተካካዩ፦ ሐኪሙን መቼ አገኘኸው?

ዘበኛው፦ ዛሬ ጠዋት። ቁስሉን አጥቦ መድኃኒት ለማድረግ መቶ ሃምሳ ብር ጠየቀኝ፤ እሱ አለኝ። ፀጉሩን ለመላጨት ግን ሌላ ሦስት መቶ፤ እሱ የለኝም። “የሚላጭልህ ሰው ካለህ አስላጭተህ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አምጣው” አለኝ።

አስተካካዩ፦ ኪሎውስ?

ዘበኛው፦ የቱ ኪሎ?

አስተካካዩ፦ ብልቃጡ! አሥር ኪሎው!

ዘበኛው፦ እሱማ ያንተ ነው። ሐኪሙ ስለ ኪሎ ያነሳብኝ ነገር የለም።

አስተካካዩ፦ አፍ የለህም? አትናገርም ነበር?

ዘበኛው፦ ሦስቴ ጀመርኩ እኮ ጋሼ። አንዴ ልትበደር ነው አልከኝ፣ አንዴ ምሳ በልተሃል አልከኝ፣ አንዴ አዳምጥ አልከኝ።

አስተካካዩ፦ “አይሆንልህም” ለማለትስ አፍ ከየት አመጣህ?

ዘበኛው፦ [ወለሉን እያየ] እህቴ ናት ያለችኝ። “ከለመንከው ‘ይሄ የሰው ፀጉር ቤት ነው’ ብሎ ያባርርሃል። ‘አትችልም’ ካልከው ግን ምሳውን ትቶ ይሠራዋል” አለችኝ።

[አስተካካዩ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።]

አስተካካዩ፦ ጨርሻለሁ! ውሰድልኝ!

ዘበኛው፦ ገና ግማሽ ነው እኮ። ቁስሉም ሙሉ በሙሉ አልታየም።

አስተካካዩ፦ ሦስት መቶህን ክፈልና ሐኪሙ ይጨርሰው። ከሃያ ዓመት በኋላ የውሻ መጫወቻ ልሁን?

[ዘበኛው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ አሥር ሰዓት አልፏል። ጨርቁን ከቡቼ ላይ ፈታ፣ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ውሻውን አቅፎ እስከ በሩ ሄደና ቆመ።]

ዘበኛው፦ እሺ ጋሼ። ደህና ዋል። በአውቶቡስ ፌርማታው በኩል ነው የምናልፈው።

አስተካካዩ፦ በፈለግህበት እለፍ!

ዘበኛው፦ ይህን ጊዜ ሰው ከሥራ ይወጣል። ይሰለፋል።

አስተካካዩ፦ ይሰለፍ! እኔን ምን አገባኝ?

ዘበኛው፦ ቡቼ በዚህ ጎኑ በግ፣ በዚህ ጎኑ የተነጨ ዶሮ መስሏል። ያየው ሁሉ “ማን ነው እንዲህ አድርጎ የቆረጠው?” ማለቱ አይቀርም። እኔ ደግሞ ውሸት አልችልበትም፤ ታውቀኛለህ።

[አስተካካዩ በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ ቡቼን አየው፤ መጀመሪያ በግ የሆነውን ጎን፣ ቀጥሎ ዶሮ የሆነውን። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ሳይዞር ወንበሩን በእጁ መታ መታ አደረገ።]

አስተካካዩ፦ ቁጭ አድርገው።

[ማሽኑ እንደገና አጓራ። አስተካካዩ የቁስሉን ዙሪያ በመቀስ ጫፍ፣ እስትንፋሱን ይዞ አጸዳው፤ ሌላውን ጎን አስተካከለው፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን አጎንብሶ በአንድ ዓይኑ ለካ። በብሩሽ አራገፈለት። ከዚያ ቀስ ብሎ ከቡቼ ኋላ ሄዶ ቆመ፤ ተጨነቀ።]

አስተካካዩ፦ ስማ... ጭራውንስ? እንዳለ ልተወው፣ ወይስ ጫፉን ልሰብስብለት?

ዘበኛው፦ አንተ ታውቃለህ ጋሼ።