ትምህርት ዘጠኝ፦ የንብ ትንፋሽ

(ሕንድ፣ ማይሶር ከተማ፣ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ። ልጆች በየምንጣፋቸው ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ቱንጋ ጆሮዋን በጣቶቿ ደፍናለች። የትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪዋ ክፍሉን ልታይ ልትመጣ ስለሆነ የዮጋ መምህሩ ሰዳሺቫ ላብ በላብ ሆኗል። የጽዳት ሠራተኛዋ ኬምፓማ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማለች፤ ይህችን ሴት ፈጣሪ ለፈተና እንደላከበት ሰዳሺቫ ከልቡ ያምናል።)

ሰዳሺቫ፦ አልኩ እኮ! ጣቷን ከጆሮዋ አውጪላት!

ኬምፓማ፦ ምን አደረገች ልጅቷ? ደወሉ ሲጮህ ጆሮዋን ይዛ «እምምም» አለች እንጂ ሰው አልነከሰች።

ሰዳሺቫ፦ ቱንጋ ኦቲዝም አለባት፤ ጫጫታ ይረብሻታል። ይህን ጠባይ ላስተዋት ሦስት ወር ሙሉ ለፋሁ!

ኬምፓማ፦ ከተወችስ በኋላ?

ሰዳሺቫ፦ የሚያረጋጋትን አስተምራታለኋ! የንብ ትንፋሽ ይባላል።

ኬምፓማ፦ እሱ ደግሞ እንዴት ነው?

ሰዳሺቫ፦ (በኩራት) ጆሮን በጣት ይደፍኑና... «እምምም» ይላሉ።

ኬምፓማ፦ (ቱንጋን ታያለች። እሱን ታያለች።) መምህር፣ እኔ መቼም እንደ እርስዎ አልተማርኩም...

ሰዳሺቫ፦ እሱማ ያስታውቃል።

ኬምፓማ፦ ...ይቺስ ታዲያ ምን እያደረገች ነው?

ሰዳሺቫ፦ ጆሮዋን ደፍና «እምምም» እያለች።

ኬምፓማ፦ የንብ ትንፋሽ ነዋ!

ሰዳሺቫ፦ አይደለም! የንብ ትንፋሽ ትምህርት ዘጠኝ ነው። እሷ ገና ሁለት ላይ ናት፤ የዛፍ አቋቋም። በአንድ እግሯ ሳትቆም ንብ መሆን አትችልም!

ኬምፓማ፦ ንብ በአንድ እግሯ ትቆማለች እንዴ?

ሰዳሺቫ፦ ኬምፓማ፣ በእናትሽ! ተቆጣጣሪዋ ዛሬ ቱንጋ አንድ እንቅስቃሴ እንኳ ስትሠራ ካላየች ለእንደ እሷ ያሉ ልጆች የተከፈተውን ይህን ክፍል ትዘጋዋለች። ልጅቷም ቤት መዋሏ ነው። ይሄ ይገባሻል?

ኬምፓማ፦ (ድምፅዋ ይለሰልሳል) ይገባኛል እንጂ። እናቷ እዚህ በር ላይ ስታለቅስ ያባበልኳት እኔ ነኝ። ለዚህ እኮ ነው ይተዋት የምለው!

(በመንገዱ የሰርግ አጀብ ይደርሳል፤ ከበሮ፣ ጥሩምባ፣ ርችት። ቱንጋ ጆሮዋን ደፍና «እምምም» ትላለች። አጠገቧ ያለችው ልጅ አይታ ትከተላታለች፤ ከዚያ ሁሉም። አዳራሹ ቀፎ ይሆናል።)

ሰዳሺቫ፦ (በአንድ እግሩ እየዘለለ) አቁሙ! ትምህርት ሁለት! ዛፍ! ዛፍ ሁኑ አልኩ!

ኬምፓማ፦ መምህር፣ በሩን ይዩ።

ሰዳሺቫ፦ ዛፍ!

ኬምፓማ፦ ተቆጣጣሪዋ ናት። ከቆመች ቆየች።

(ሰዳሺቫ እንዳነሳው እግሩ ተሰቅሎ ይቀራል። ተቆጣጣሪዋ ወረቀት ጽፋ ለኬምፓማ ትሰጥና ለቱንጋ እጅ ነስታ ትወጣለች።)

ሰዳሺቫ፦ ተዘጋ አይደል? ንገሪኝ፣ አትጨርሺኝ!

ኬምፓማ፦ (ታነባለች) «ክፍሉ ይቀጥል። የቱንጋ የንብ ትንፋሽ እንከን የለውም፤ ሌሎቹንም አስተምራለች።»

ሰዳሺቫ፦ (ደረቱን ነፍቶ) የማን ተማሪ ናትና!

ኬምፓማ፦ አላለቀም። «በአንድ እግሩ እየዘለለ የሚጮኸው ግን ጭንቀት በርትቶበታል። ከቱንጋ አጠገብ ይቀመጥ።»

(ርችቱ እንደገና ይፈነዳል። ሰዳሺቫ ምንጣፉ ላይ ዘጭ ብሎ ሁለት ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ይሰካል።)

ሰዳሺቫ፦ እምምም...

ኬምፓማ፦ (ጣቶቹን ቀስ ብላ እያወጣች) ኧረ ይተዉ መምህር! ይሄ እኮ ትምህርት ዘጠኝ ነው። እርስዎ ገና ሁለት ላይ ነዎት።