ሐይቁን በሰላምታ የሚዞሩት ጋሼ ሙሐመድሳኒ

ፈጣሪ ለየከተማው አንድ ሰላምተኛ መድቧል። ወፍጮ ቤት የሌለው ከተማ ይኖር ይሆናል፤ ሰላምተኛ የሌለው ግን የለም። ይህ ሰው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ለቅሶ ደርሶ፣ የታመመ ጠይቆ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት አስታርቆ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከእሱ ጋር መንገድ የጀመረ ሰው መድረሱ በእግዜር እጅ ነው።

የደብረ ማርቆሱ ሰላምተኛ ክቡር አቶ ሙሐመድሳኒ ይባላሉ። ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ዲማ ላይ ቅኔ የተማሩ አንድ መሪጌታ ኩታ ሊገዙ ሱቃቸው ገብተው ሰላምታው ብቻ እስከ ቀትር ቢይዛቸው «ሊቀ ሰላም» የሚል ማዕረግ ሰጥተዋቸው ወጥተዋል። ሙገሳ ይሁን ሽሙጥ እስከ ዛሬ አልተለየም። እሳቸው ግን በሙገሳ ተቀብለውታል።

ስኳር ሲገኝባቸው ሐኪሙ እንዲንቀሳቀሱ መከራቸው። እሳቸውም ከባድ የቻይና ብስክሌት ገዝተው እሑድ እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የግድብ ሐይቅ መዞር ጀመሩ። መንገዱ ደስ ይላል፤ አቀበት የለውም። መጀመሪያ ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዞራል፤ ከዚያ ውሃው በብረት በር ወደ መስኖው ከሚወርድበት ቦታ ተነስቶ ቦዩን ተከትሎ በሽንኩርትና በድንች ማሳዎች መካከል ወደ ከተማው ይመለሳል። ለደህና ነጂ የረፋድ ሽርሽር ነው። ለሊቀ ሰላም ግን ስንቅ የሚያስቋጥር ጉዞ ነው።

ይህን ሁሉ በጉልበቷ የተማረችው ትንቢት ናት። ትንቢት የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከእነ ጋሼ ሙሐመድሳኒ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የሐዋሳ ልጅ ስለሆነች ብስክሌት ላይ ነው ያደገችው፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመጣም ብስክሌቷን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭና ነው በደጀን ያለፈችው። ስትነዳ ዝምታና ፍጥነት ትወዳለች። አከራይዋ «አብረን እንዞራለን» ሲሏት እሺ ያለችው የሰላምታቸውን ነገር ስለማታውቅ ነው።

ጋሼ ሙሐመድሳኒ ብስክሌት ላይ ሆነው ሰላም አይሉም፤ ነውር ነው። ይወርዳሉ፤ ብስክሌቱን ዛፍ ያስደግፋሉ፤ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ ከዚያ ይጀምራሉ። ሰውየውን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ በሬዎቹን፣ የዘንድሮውን ዝናብና የአምናውን የድንበር ክርክር ይጠይቃሉ። ውሻውንም በስሙ ያነሱታል። አንድ ገበሬ ሰላምታ ሲመልስ የውሃ ተራው አልፎበት ጎረቤቱ ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ መልሶታል። ሌላ እሑድ ደግሞ ሐይቁ ዳር ሰርግ ገጠማቸው። የሙሽራው ወገኖች የሙሽሪት ዘመድ መስለዋቸው፣ የሙሽሪት ወገኖች የሙሽራው ዘመድ መስለዋቸው፣ ጋሼ ሙሐመድሳኒ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጠው ሲመርቁ ዋሉ። ትንቢት ሁለቱን ብስክሌቶች ይዛ ዳክዬ ስትቆጥር ዋለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ብንል?» ትላቸዋለች።

«ሐይቁ እኮ አይሸሽም፣ ልጄ።» መልሳቸው ይህ ብቻ ነው።

በየእሑዱ ሁለተኛ አልወጣም ብላ ትገባለች፤ በየእሑዱም ተመልሳ ትወጣለች። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልተገለጠላትም።

አንድ ነገር ያስተዋለችው ከብዙ እሑዶች በኋላ ነው። ጋሼ ሙሐመድሳኒ የሚፈጥኑበት አንድ ቦታ አለ። የሐይቁ ዙሪያ አልቆ የብረቱ በር ጋ ሲደርሱ፣ አጠገቡ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የበሩ ጠባቂ ቤት አለ። እዚያ ሲቃረቡ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ጎንበስ ብለው ፔዳሉን ይረግጡታል፤ ያ ከባድ ብስክሌት እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወነጨፋል። ደጃፉ ላይ ቁመተ ረጅም ሰውዬ ቆመው ያዩዋቸዋል። ሰውየው እጅ አይነሱም፤ ጋሼም እጅ አይነሷቸውም።

ለውሻ ጤና የሚጨነቅ ሰው እንዴት አንድን ሰው ሰላም ሳይል ያልፋል? ትንቢት ነገሩ ከንክኗት የጋሼን ባለቤት ወይዘሮ ቢልቂስን ጠየቀቻቸው። ቢልቂስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጫወቷት። ሰውየው አቶ ፈንታ ይባላሉ። ከጋሼ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፤ እናቱን በሕፃንነቱ ያጣውን ፈንታን የጋሼ ሙሐመድሳኒ እናት ሀጀራ ከልጃቸው ሳይለዩ አብልተው፣ ተቆጥተውና አልብሰው አሳድገውታል። ሀጀራ ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞቱ ከመርጡለ ማርያም ድረስ ሰው መጣ። ፈንታ ግን አልመጣም፤ በቀብሩም፣ በለቅሶውም፣ ከዚያም በኋላ።

ትንቢት፣ ጋሼ ሰውየውን ለምን እንደቀሩ ጠይቀዋቸው እንደሆነ አነሳች።

«እሱ?» አሉ ቢልቂስ። «የሰው ዶሮ ስንት ጫጩት እንደፈለፈለች የሚጠይቀው ሰውዬ ይህን አልጠየቀም። መልሱን ነው የሚፈራው።»

ከዚያ ወዲህ ትንቢት በዚያ ደጃፍ ባለፉ ቁጥር የፊት የፊቷን ማየት አቃታት።

ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ሞልቶት የሄደው ሐይቅ ገና አልጎደለም፤ ቦዩም እስከ አፉ ነው። ጋሼ ሙሐመድሳኒ እንደ ልማዳቸው የብረቱን በር ሲያዩ ጎንበስ ብለው ፈተለኩ። ትንቢትም ተከተለቻቸው። የቦዩ ዳር መንገድ ጠባብ ነው፤ የሌሊቱ ካፊያ አርሶታል። የፊት ጎማዋ ጭቃው ላይ ሲንሸራተት ፍሬን ያዘች፤ ባትይዝ ይሻል ነበር። ብስክሌቱ ወደ አንድ በኩል፣ እሷ ወደ ቦዩ ሆኑ።

ውሃው ከደረቷ አይበልጥም፤ ግን ይገፋል። ግድግዳው ሲሚንቶ ነው፤ አረንጓዴ አልጌ ለብሶ ያዳልጣል። እግሯን ስትተክል ወሰዳት፤ ጠርዙን ስትይዝ ከእጇ አመለጠ። ጋሼ ርቀዋል። መጮህ ፈልጋ አፏ በውሃ ተሞላ።

የጮኹት አቶ ፈንታ ናቸው።

«ሙሐመድሳኒ!»

እየሮጡ መጥተው ረጅም ዘንግ ዘረጉላት። ያዘችው። በሆዳቸው ተኝተው በሁለት እጃቸው ጎተቷትና ዳር አወጧት። ጉልበቷ ተልጦ ይደማል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ጋቢያቸውን አልብሰው፣ በራሳቸው ነጠላ ጫፍ ጉልበቷን አሰሩላት።

ጋሼ ሙሐመድሳኒ ተመልሰው ሲደርሱ ብስክሌታቸውን ዛፍ ማስደገፍ ቀርቶ መሬት ላይ ጥለውት ነው። ትንቢትን ከእግር እስከ ራሷ አዩ። ከዚያ ቀና ሲሉ ከፈንታ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ያ ሁሉ የሰላምታ ሀብት የት እንደገባ እንጃ፣ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

«ተርፋለች» አሉ ፈንታ።

«አልሐምዱሊላህ።»

ትንቢት ጋቢው ውስጥ ተኮራምታ ምነው ሌላ ቦታ በወደቅሁ ብላ አሰበች። ጋሼ ሙሐመድሳኒ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ለእናቴ ለምን ቀረህ?» አሉ በመጨረሻ።

«አልቀረሁም።»

ፈንታ ዘንጋቸውን እያሹ በዝግታ ነገሯቸው። መርዶው የደረሳቸው ከሰዓት ነው፤ ያኔ ከሐይቁ ማዶ ነበሩ። ዙሪያውን ሮጠው ከተማ ገቡ። የመቃብሩ አጥር ጋ ሲደርሱ ሰው ይመለሳል፤ አፈሩ ከተመለሰ ቆይቷል።

«የእናንተ ቀብር ሰው አይጠብቅም» አሉ። «አጥሩን ይዤ ቆምኩ። አንተን አየሁህ፤ ሰው ደግፎህ ስትሄድ። ያሳደገችኝን ሳልቀብር በምን ፊቴ ቤቷ እገባለሁ? ነገ እሄዳለሁ አልኩ። በነጋታው ባሰብኝ፤ ሳምንቱ ሲያልፍ ደግሞ እግሬ ጨርሶ እምቢ አለ።»

«በየእሑዱ በደጅህ ሳልፍ ለምን አልጠራኸኝም?»

«አስቤ አውቃለሁ። ግን ትፈጥናለህ።»

ጋሼ ሙሐመድሳኒ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ቦዩ ዳር መሬት ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ፈንታም አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ነፍሷን በገነት ያኑርልን» አሉ ፈንታ።

«አሚን።»

ትንቢት ጋሼን ዝም ብለው ሲቀመጡ አይታ አታውቅም። የፈንታ ባለቤት ቆሎ በሰፌድ ይዘው ሲመጡ፣ የመጣላቸውን ሰው አይተው ምንም ሳይጠይቁ እሳቸውም ዳር ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ሰዎች የሚያነሱት ሁሉ ሀጀራን ነበር፦ ሁለቱንም በአንድ ቀበቶ የገረፉበትን ቀን፣ ለፋሲካና ለኢድ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁምጣ ያሰፉላቸውን። አንዱ ሲጀምረው ሌላው ይጨርሰዋል። መሐል ላይ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሱ። የትንቢት ብስክሌት ጎማው ተጣሞ ስለነበር ፈንታ ዘንድ ተወችው፤ እሷም ከጋሼ ሙሐመድሳኒ ብስክሌት የኋላ መጫኛ ላይ ተፈናጠጠች። ሊቀ ሰላም መንዳት ጀመሩ። አልፈጠኑም፤ ግን አልቆሙም። ከሽንኩርት ማሳ አንዱ ተጣራ፤ አልመለሱም። ከድልድዩ ሁለት ሰዎች ተነስተው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ዝም ብለው አለፏቸው። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ቀሩ። ትንቢት ከፊቷ ያለው ጀርባ ከመንገዱ ኮረኮንች ሌላ በሆነ ነገር እንደሚናጥ አየች።

ስለዚህ እሷ መመለስ ጀመረች።

«ደህና ናቸው! እኛም ደህና ነን! እናንተስ?» ትላለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጠነባት። ቀጥሎ ለቀቅ አለላት። የአንዱን በሬ፣ የሌላውን የታመመ ልጅ ጠየቀች፤ ስማቸውን ስንት እሑድ ሰምታ ኖሮ ሁሉም አፏ ላይ ነበር።

ከተማው መግቢያ ላይ እማማ ወለተ ማርያም ከአጥራቸው ብቅ ብለው፣ «ሙሐመድሳኒ ምነው ዘጋን? አሞታል እንዴ?» አሉ።

«ደህና ናቸው እማማ፣ ደክሟቸው ነው። ላሚቱስ ወለደች?»

«ወለደች፣ ተመስገን!»

ብስክሌቱ ጥቂት እንደሄደ ከፊት በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ምን ወለደች?»

«አልጠየቅኋቸውም፣ ጋሼ።»

ብስክሌቱ ቀጥ አለ። ጋሼ ሙሐመድሳኒ አይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና፣ «ወንድ ይሁን ሴት ሳይጠየቅማ አይታለፍም» ብለው መሪውን ለመመለስ ወረዱ። ትንቢት ግን ቀድማቸው ወርዳ፣ በታሰረ ጉልበቷ እያነከሰች ወደ ወለተ ማርያም ደጃፍ ጉዞ ጀምራ ነበር።