በማዕረግ የተለካ ጀልባ

በእኛ አገር ወፍራም መሆን ከሩቅ ሲያዩት ጸጋ ነው። መንዝ፣ ሞላሌ ገበያ ላይ ዘመድ ሲያገኘኝ ከእግር እስከ ራሴ ያየኝና፣ «እሰይ! ተመችቶሃል» ይለኛል፤ እናቴም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ጣጣው የሚመጣው መቀመጥ ሲያስፈልግ ነው። የሚኒባስ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ባለ ቁጥር ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። እናንተም ብትኖሩ ታዩኝ ነበር፣ አትካዱ። የስብሰባ ወንበር ሰብሬአለሁ፣ በሰርግ ቤት አግዳሚ ላይ የሦስት ሰው ቦታ ይዤ ታምቻለሁ፤ ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬአለሁ። ጀልባ ግን አልቻልኩም።

ጀልባና መንዝ ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ። ወረዳችን ከላይ ብርድና ገብስ ብትሆንም ከታች ወንጪት ወንዝ ድረስ ትወርዳለች። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጥቶ የመሥሪያ ቤቱን ሰው ሁሉ ባመሰበት ዘመን፣ እኔ የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የኮንትራት ባለሙያ ነበርኩ። ኮንትራት ማለት በየስድስት ወሩ ልብ የሚንጠለጠልበት እንጀራ ነው። ታዲያ አንድ ፈረንጅ መጣና፣ እኛ ስንረግመው የኖርነውን፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ የሚወርደውን ያንን ነጭ አረፋ አይቶ ወርቅ ያገኘ ያህል ፈነጠዘ። ካያክ በምትባል የአንድ ሰው ጀልባ ውሃው ላይ ይጫወቱበታል አለን። ለመሻገር አይደለም። ለመሽከርከር፣ ለመገልበጥና በጀልባዋ አፍንጫ ለመቆም ነው። «ሁለት ጀልባ በስጦታ እልክላችኋለሁ፤ የሚቀዝፉትን ሰዎች ስምና ክብደት ብቻ ጻፉልኝ» ብሎን ሄደ።

አንደኛው ቀዛፊ ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ሆኑ፤ አዲስ ነገር ሲመጣ ኃላፊ ይቀድማልና። ሁለተኛው እኔ ሆንኩ፤ እንግሊዝኛውን የማነበው እኔ ነኝና። ጀልባዎቹ በሚመረቁበት ቀን ከዞን እንግዶች ፊት በወጉ ከቀዘፍኩ ቋሚ እንደምሆን ቃል ተገባልኝ። ዋና አልችልም ልል ፈለግሁና ቋሚ የምትለዋ ቃል አፌን ዘጋችው።

የእህል ነጋዴው ዘንድ ሄደን ሚዛኑ ላይ ወጣን። ሰውዬው፣ «በስመ አብ! ሰው እንደ ቅቤ ይመዘናል?» ብሎ አማተበ። አቶ ደምሴ በርኖሳቸውን ካወለቁ የሚቀረው ጢማቸው ነው፤ ሃምሳ አራት ኪሎ ሆኑ። እኔ መቶ አሥራ ስድስት። ቁጥሩ ለስብሰባ ሲቀርብ የአስተዳደር ባልደረባችን እጁን አወጣ።

«ባለሙያ ከኃላፊው በእጥፍ በልጦ የተጻፈበት ሰነድ ከዚህ ወረዳ ይወጣል እንዴ?»

ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ቁጥሩ «ተስተካከለ»፤ መቶ አሥራ ስድስቱ ለአቶ ደምሴ፣ ሃምሳ አራቱ ለእኔ። ልቃወም ስነሳ ከጎኔ ያለው ሰው «የአመለካከት ችግር ይባልብሃል» ብሎ ሹክ አለኝ። ተቀመጥኩና ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ። አዎ፣ ፈረምኩ፤ ምን ታዩኛላችሁ?

በዓመቱ ጀልባዎቹ መጡ፤ እያንዳንዳቸው ላይ የባለቤታቸው ስም ተለጥፏል። የአቶ ደምሴ ሆደ ሰፊ ናት። የእኔን ሳያት የሕፃን መታጠቢያ መሰለችኝ። አብሮ የመጣውን ምክር ለስብሰባው የተረጎምኩት እኔው ነኝ፦ ከባድ ሰው ጀልባ ሲመርጥ በቀለሟ አይታለል፤ አፍንጫዋና ጭራዋ ሞላ ያሉ ይሁኑ፣ አለዚያ ጫፏ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ትገለብጠዋለች፤ የእግሩ ጣቶች ውስጧ እንደ ልብ ይንቀሳቀሱ፤ ዳሌው ጥብቅ ቢልም ሲገለበጥ ራሱ መውጣት ይቻለው። አንብቤ እንደጨረስኩ ወደ አቶ ደምሴ ዞርኩ። «ጌታዬ፣ ብንለዋወጥስ?» አልኳቸው። አቶ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከልባቸው አዘኑ። «እኔ ምን ቸገረኝ፤ ግን ቃለ ጉባኤው ዞን ደርሷል» አሉኝ።

የምረቃው ቀን ወንጪት ዳር ድንኳን ተተከለ። ስለ ጨዋታው ለእንግዶቹ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፦ «የተሽከረከረና የተገለበጠ ጎበዝ ይባላል።» ከዚያ ሁለት ጎረምሶች ትከሻዬን ተጭነው ጀልባዋ ውስጥ ከተቱኝ። ጉልበቴ ተቆለፈ፣ የእግሬ ጣቶች ደነዘዙ።

አቶ ደምሴ ቀደሙ። ያቺ ሰፊ ጀልባ ሰው መሸከሟንም ያወቀች አትመስልም፤ አረፋው ላይ ትሾር ጀመር። እሳቸው «ያዙኝ! ያዙኝ!» ይላሉ፣ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። የእኔዋ ገና ከዳር ሳትርቅ አፍንጫዋን ደፋች። ተገለበጥኩ። ውሃው ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቄ፣ ጭኔ ተሰንቅሮ አልወጣ ብሎ ስፍጨረጨር፣ ከላይ ጭብጨባው ደመቀ። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔን ሊወስደኝ የነበረው እንግዶቹን እያሳሳቀ ነው።

ሳይጠሩ የመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ጋሽ ሸዋንግዛው ይባላሉ፤ በክረምት ወንዝ ሲሞላ ሰውና በግ በዋና እያሻገሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ሰውዬው እየሞተ እኮ ነው!» ብለው ዘለው ገቡ፤ እኔንም ጀልባዬንም አንድ ላይ ጎትተው ደረቅ ላይ ጣሉን። ቀጥለውም አቶ ደምሴን ውሃው ወደ ታች ወስዶ ከጣላቸው ድንጋይ ላይ ለቀሟቸው።

በወሩ ግምገማ ተደረገ። ኃላፊው በመሽከርከር፣ ባለሙያው በመገልበጥና ውሃ ውስጥ በመቆየት ከዕቅድ በላይ ማከናወናቸው ተመሰገነ። የእኔም ደብዳቤ ወጣ፤ የወንዝ ስፖርትና የውሃ ላይ ደህንነት ቋሚ ባለሙያ ሆንኩ።

አንድ ጠቦት ይዤ ላመሰግን ጋሽ ሸዋንግዛው ዘንድ ወረድኩ። ምስጋናዬን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ለመሆኑ ዋና ጀመርክ?» አሉኝ።

«አልጀመርኩም። ግን ቋሚ ሆኛለሁ፣ ጋሼ» ብዬ ደብዳቤውን አወጣሁ።

«እስቲ አንብብልኝ።»

ከአናቱ እስከ ማኅተሙ አነበብኩላቸው፤ ግልባጩንም አልተውኩም፦ ለአስተዳደር፣ ለፋይናንስ፣ ለዞን። ጋሽ ሸዋንግዛው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ ሌላ የሚቀር ካለ ብለው የወረቀቱን ጀርባ ገልብጠው አዩ።

«ለወንጪትስ ግልባጭ አልተደረገም?» አሉኝ።