ጨው አንሶታል

ከይፋግ እስከ ገሳይ ባለው አገር ሁሉ ጨው የበቃው ወጥ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ በርበሬ ሲደለዝ ስንት ዘመን አልፏል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ይህን የምናውቀው ቀምሰን አይደለም። በየቤተ ዘመዱ ማንም ሳይሾመው የተሾመ፣ ማንም የማይሽረው አንድ የጨው መርማሪ ስላለ ነው። መንግሥት ይለወጣል፣ ቀበሌ ይታጠፋል፤ የጨው መርማሪ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም።

ደብረ ታቦር ውስጥ በእነዳኛቸው ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን ጨብጠው የያዙት የአባቱ ታላቅ እህት፣ ክብርት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። እሳቸው ወጥ አይቀምሱም። መቅመስ የተራ ሰው ሥራ ነው። በራፉ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ወደ ጓዳ ያዞራሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዚያም መግለጫ ያወጣሉ፦ «ጨው አንሶት ነው እንጂ፣ ሙያስ ነበር።»

አንድ ለቅሶ ቤት ገብተው፣ ደረታቸውን ደልቀው፣ እንባቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ «ነፍስ ይማር፤ ንፍሮው ግን ጨው አንሶታል» ያሉ ሴት ናቸው። ሐሙሲት ለሠርግ የሄዱ ጊዜ ደግሞ ከሚኒባሱ መውረድ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ በመስኮቱ በኩል ፈርደው ጨረሱ። ሐኪም ለደም ግፊታቸው ሲል ጨው የከለከላቸው ዕለት፣ ዘመድ ሁሉ «በቃ፣ ከእንግዲህ ጡረታ ይወጣሉ» ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ምን ሲደረግ! የተነጠቁትን የራሳቸውን ድርሻ ለሰፊው ሕዝብ ማከፋፈል ጀመሩ።

የሚያስፈራው ግን ፍርዱ ሳይሆን የሚያስከትለው ስም ነው። የሌላው ወንድማቸው ልጅ የአስናቀ ሚስት ፍቅርተ፣ በሙሽርነቷ ሰሞን አንድ ቀን ያቀረበችው ወጥ ሁለተኛዋን ሐረግ፣ ያችን «ሙያስ ነበር» የምትለዋን፣ ሳያገኝ ቀረ። «አልጫ!» ብቻ ተባለ። ዛሬ የፍቅርተ በርበሬ መንገደኛ ያስነጥሳል፤ ልጆቿም ትምህርት ቤት ገብተዋል። ዘመድ የሚጠራት ግን አሁንም «ፍቅርተ አልጫ» ብሎ ነው። ልጆቹም የአልጫ ልጆች ናቸው።

ኤደን ይህን ታሪክ ታውቃለች። የሐሙሲት ልጅ ናት፤ ለዳኛቸው ከተዳረች ዓመት አልሞላትም፤ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የባሏን ዘመዶች ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ እጅ ልታበላ ነው፤ አባቷ አቶ ይሻውም ከሐሙሲት መጥተው በገበታው ሊገኙ ነው። እንግዲህ «ኤደን አልጫ» የሚባል ስም ቢወጣ ከአባቷ ጋር በሚኒባስ ተሳፍሮ በዚያው ቀን ሐሙሲት ይገባል።

የተማመነችው በሠርጓ ጊዜ ጓደኛዋ ከባሕር ዳር ባመጣችላት የኤሌክትሪክ ድስት ነው። ይህ ድስት አይቸኩልም። ማታ ስጋውን አስገብተሽ፣ ክዳኑን ዘግተሽ ትተኛለሽ፤ እሱ ቀስ እያለ ሲያበስል ያድራል፤ ቅዳሴ አስቀድሰሽ ስትመለሽ ደርሶ ይጠብቅሻል። ስለዚህ በዋዜማው ከሥራ እንደገባች የተፈጨውን ስጋ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከኮረሪማ ጋር አሽታ፣ ሎሚ ሎሚ እያሳከለች አድቦለቦለችው። በመጥበሻ አገላብጣ ጠበስ አድርጋ ወፍራም መረቅ ውስጥ አስተኛችው። ጨዉን ለክታ ጨመረች። እንዳትቀምስ ጾም ነው። በዚያ ቤት የሚቀምስ አንድም ምላስ የለም፤ የጾም ፍቺ ወጥ የሚሠራው በዓይንና በእምነት ነው።

ክዳኑ ከተዘጋ ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለማደር መጡ፤ ጃንጥላቸው ይንጠባጠባል፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሷል።

«አንች ልጅ፣ ይሄ የሚያላበው ምንድን ነው?»

«ድስት ነው እትዬ። ቀስ ብሎ የሚያበስል ነው።»

«ቀስ ብሎ? የድስት ሰነፍ ደግሞ መጣ በይኛ! እሳቱስ የታለ?»

«በኮረንቲ ነው። እትዬ... እባክዎ ክዳኑን አይክፈቱት! በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣና ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል።»

«እኔ ሳልፈራ የኖርኩትን ድስት ክዳን ዛሬ ልፍራ?»

የመስታወቱ ክዳን ተነሣ። እንፋሎቱ ጣራ ነካ። ክቡሩ አፍንጫ ወደ ድስቱ ወረደ። ዳዊት ይደግሙ የነበሩት አማቷ አቶ ዘውገ መድገማቸውን አቆሙ።

«ጨው አንሶታል» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ኤደን ቀሪዋን ሐረግ ጠበቀች። አልመጣችም። ወይዘሮዋ ክዳኑን መልሰው «ነገ እናያለን» አሉና እግራቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀው ውሎ አድሮ፣ ሁሉም በየተራ ሲናዘዝ ነው። መጀመሪያ ኤደን ራሷ፣ የለካችውን ታውቃለች፣ ትምህርቷንም ታምናለች፤ ግን አባቷ ትዝ አሏትና ግማሽ ማንኪያ ደገመች። ቀጥሎ ዳኛቸው «ሶኬቱን ልይ» ብሎ ገባና ስለ ሚስቱ ፍቅር አንድ ጭብጥ በተነበት። አቶ ዘውገ በእህታቸው አፍ በአዲስ ዘመድ ፊት መዋረዱ አስጨንቋቸው ተከተሉ፤ እጃቸው የለመደው ለከብት ጨው ማላስ ነውና መጠኑን እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ ክብርት ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ከአልጋቸው ተነሥተው፣ በሕዝብ ጥቅም ስም የበኩላቸውን አበረከቱ። ሁሉም የቤቱን ክብር ብቻውን ያዳነ መስሎት ተኛ። ድስቱ ብቻ ሳይተኛ አደረ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ትሪው ቀረበ። አቶ ይሻው በዝናብ ርሰው ደርሰዋል፤ ጋቢ ደርበው የክብር ቦታ ተቀምጠዋል። ድቡልቡሎቹ በመረቃቸው መካከል ያብረቀርቃሉ፤ ሲነኳቸው ይፈርሳሉ። አቶ ዘውገ ባረኩ። ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ አይጎርስምና የሁሉም ዓይን ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዞረ። እንጀራቸውን ቆረሱ፤ ከአንዱ ድቡልቡል ግማሹን ጠቀለሉ፤ ጎረሱ።

መንጋጋቸው ባለበት ቆመ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኤደን ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ መራራ ክኒን ያለ ውኃ የዋጠ ሰው ፊት ነው።

ወይዘሮዋ ኤደንን አዩ። ቀጥለው እንጀራ ይዘው ተራቸውን የሚጠብቁትን አባቷን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈርዱ ኖረው፣ ስለ ጨው አንዲት እውነተኛ ቃል የሚናገሩበት አጋጣሚ በመጨረሻ እጃቸው ላይ ወድቆላቸዋል።

ዋጡት።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ዳኛቸው ምንም ሳይጎርስ ትን አለው።

«እስቲ ጨው አቀብይኝ፣ የኔ ልጅ።»

ኤደን የጨው ሳህኑን ይዛ ጎንበስ አለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሦስት ጣታቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ፣ አነሡ፣ በፊታቸው ባለው ወጥ ላይ እያሻሹ ነሰነሱ። ምንም አልወረደም። ይህን ያየችው ከአጠገባቸው ያጎነበሰችው ኤደን ብቻ ናት፤ ጣቶቹ ጨዉን አልነኩትም ነበር።

አቶ ይሻው ጎረሱ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። በሰው ቤት፣ በሰው ታላቅ ላይ ቃል አይመለስም። «እውነትዎን ነው... ትንሽ... ያንሰዋል» አሉና ጠላቸውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። አቶ ዘውገ ሐሳቡን በጽኑ ደገፉ፤ ዳኛቸውም ደገፈ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ለጎረቤት ጭምር ተብሎ የተጠመቀው ጠላም በዚያ ገበታ ላይ አለቀ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ለይምሰል፣ ሁለተኛ ሊጠቀልሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ኤደን እጃቸውን ያዘች።

«ይብቃዎት እትዬ» አለች በሹክሹክታ። «ክኒንዎን የምሰጥዎት እኔ ነኝ እኮ።»

«ዝም በይ፣ እንግዳ ይሰማል።»

ይህን ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። እርጎ ቀረበላቸው፤ እሱንም ያለ ምንም መግለጫ በሉ።

ትሪው ተነሥቶ አቶ ይሻው ጋደም ሲሉ ወይዘሮዋ ጓዳ ገቡ። በድስቱ የቀረውን ሁሉ በፕላስቲክ ዕቃ መገልበጥ ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉት ነው?» አለች ኤደን።

«ለውሻዬ ነው።»

«ውሻ አለዎት እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ይኖረኛል። ጎረቤት ብቅ ብሎ ቢቀምሰውስ?» ዕቃውን ገጠሙ። «ደግሞ ስሚ። ሁለተኛ ይህን ሰነፍ ድስት ስትጥጅ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኝበት። የምመጣው እኔም ብሆን አታንሽው።»

ለየቤቱ እንዲህ ያለ አንድ አንድ ሐሰተኛ ዳኛ እግዜር ይስጠው።

ከበሩ ውጭ ሙሉ የምትባል ጎረቤታቸው ቆማለች። ገበታው እስኪነሣ አጥሩን ተደግፋ ስትጠብቅ ነበር፤ በእሷ ጆሮ የገባ ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማውን ያዳርሳል።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሙሽራዋ እንዴት አበላቻችሁ?»

ኤደን ደጃፉ ላይ ቆማ ትሰማለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ዕቃውን ከቀኝ ብብታቸው ወደ ግራ አዛወሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ጨው አንሶት ነው እንጂ፣» አሉ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሙያስ ነበር!»